ኤክስቴንሽናችሁ ተከለከለ? ይግባኝ ከማለታችሁ በፊት

[ስክሪን ላይ፦ የካውንስል ደብዳቤ፣ ቀኑ በቀይ ተከቦ]

ከካውንስሉ፣ ማለትም ከአካባቢያችሁ አስተዳደር፣ ደብዳቤው መጣ። ቤታችሁን ለማስፋት የጠየቃችሁት ፈቃድ ተከልክሏል ይላል። ተናደዳችሁ፣ ይገባችኋል። ግን መጀመሪያ ቀኑን እዩ። እንግሊዝ ውስጥ የቤት ማስፋፊያ ሲከለከል ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 12 ሳምንት ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ እንጂ እናንተ ፖስታውን ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም።

ይግባኙን የሚያየው ራሱ ካውንስሉ አይደለም። ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። በኢንተርኔት ይገባል፣ ክፍያ የለውም።

ደብዳቤው ላይ «የጎረቤትን ብርሃን ይከለክላል» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ይቺ አንድ መስመር ብቻዋን ብዙም አትጠቅማችሁም። ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በማመልከቻ ቁጥራችሁ ግቡና ጉዳያችሁን ያየው የካውንስሉ ባለሙያ የጻፈውን ሪፖርት አውርዱ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ከላይ የታየ የሁለት ቤት ፕላን፣ ከመስኮት የሚነሳ ሰያፍ መስመር]

ብዙ ካውንስሎች ከጎረቤት መስኮት መሃል በ45 ዲግሪ መስመር ያሰምራሉ። የማስፋፊያችሁ ግድግዳ መስመሩን ካለፈ ችግር ነው። እስኪ ፕላኑን አውጡና ራሳችሁ አስምሩት። አለፈ? በስንት? መስኮቱስ የምንድን ነው? ባለሙያው መኝታ ቤት ብሎ የጻፈው መስኮት የመታጠቢያ ቤት ሆኖ ከተገኘ ጥሩ መከራከሪያ አገኛችሁ፣ የመታጠቢያ ቤት ብርሃን እንደ መኝታ ቤት አይታይምና፤ ፎቶ አንሱት፣ ጻፉት። ስለ ጎረቤታችሁ ክፋት ግን አንድ ቃል አትጻፉ፣ ማንም አይሰማችሁም።

የጎዳናው ሌላ ቤት ተፈቅዶለታል የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አጣሩ። ምናልባት ፈቃድ የማያስፈልገው ዓይነት ግንባታ ይሆናል፣ ያኔ ክርክሩ ውሃ አይቋጥርም።

መስመሩን በእውነት ካለፈስ? እኔ ብሆን ይግባኙን ትቼ ንድፉን አሳጥራለሁ። ምክንያቱም ኢንስፔክተሩ የሚፈርደው ካውንስሉ በከለከለው ንድፍ ላይ ነው፣ «አንድ ሜትር እቀንሳለሁ» ብትሉት ያ ሌላ ማመልከቻ ነው። ድሮ ሁለተኛው ሙከራ ነጻ ነበር። ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ቀርቷል፣ ትከፍላላችሁ።

[ስክሪን ላይ፦ የጓሮ በር]

ይግባኙ ከገባ ኢንስፔክተሩ ቦታውን ለማየት ይመጣል። በር ትከፍታላችሁ፣ ያያል፣ ይሄዳል። እዚያ ቆማችሁ ላስረዳ ብትሉ አይሆንም። ስለዚህ ያቺን የመታጠቢያ ቤት መስኮት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካላስገባችኋት፣ ያን ቀን በጣት ማሳየት አያድናችሁም።