ሥዕሉን ሸፍኑት

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ፊደል ለይቶ ገና ቃል መያዝ ለጀመረ ልጅ መጽሐፍ ስለመምረጥ ነው።

እኛ ሀገር ልጁ ከሀ እስከ ፐ ከወረደ በቃ፣ “ማንበብ ቻለ” ተብሎ ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው ይገባዋል። 33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ሆነው ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ቀላል ሸክም አይደለም። ግን መጽሐፍ ስትሰጡት “ድ… መ… ቷ… ወ… ተ… ት… ጠ… ጣ… ች” ይላችኋል። ሲጨርስ ቀና ብሎ ያያችኋል። “ማን ነው የጠጣው?” ስትሉት ዝም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱን ፊደል ሲያስታውስ ጉልበቱ አለቀ፣ ለትርጉሙ የተረፈው ነገር የለም። የሚቀለው አንዳንዱን ቃል ሳይቆጥር፣ አይቶ ብቻ ሲያውቀው ነው።

ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች ይዛ ትመጣለች። “ዘ”፣ “ዋዝ”፣ “ሴድ”፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። በዓይን መያዝ ነው። ከእነዚህ ዝርዝሮች ስመ ጥሩው ኤድዋርድ ዶልች የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1936 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ 220 ቃላት አሉት። ለእንግሊዝኛ ነገሩ ያስኬዳል። ከቃላቱ ብዙዎቹ እንደተጻፉ አይነበቡም፣ ደግሞ በየገጹ አሉ።

አማርኛውንም በዚሁ መንገድ እናስኪደው የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። በከፊል ይሄዳል። ነው፣ ነበር፣ እና፣ ግን፣ ወደ፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ምን፣ አንድ፣ ሁሉ። እነዚህን በዓይን የያዘ ልጅ ግማሹ ገጽ ይቀልለታል። ከዚያ ወዲያ ግን አማርኛ እጅ አይሰጥም። “ቤት” ብላችሁ አስያዛችሁት እንበል። መጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው ቤቱ፣ ቤቴ፣ ቤታችን፣ ከቤታቸው ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ራሷ መልኳን ቀየረች! በ፣ ለ፣ ከ፣ የ ደግሞ ለብቻቸው አይቆሙም፣ ቃሉ ላይ ይለጠፋሉ። ግሱማ አይወራ። “አልሰማኋችሁም” አንድ ቃል ነው፣ ስምንት ፊደል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር።

ስለዚህ መጽሐፍ ስመርጥ በገጹ ላይ ስንት ቃል አለ ብዬ አልጠይቅም። የቃላቱን ርዝመት ነው የማየው። መሃሉን እከፍትና ጣቴን በመስመሩ ላይ እሄድበታለሁ። ከአምስት ፊደል በላይ የሆነ ቃል በገጹ ላይ አንድ ቢኖር ችግር የለውም፣ ትታገለዋለች። ሦስት አራት ከሆኑ መጽሐፉ ለእኔ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። ቀጥሎ ግሶቹን አያለሁ። መጣ፣ ሄደች፣ በላ፣ ሮጡ ካለ እሰየው። “እየተንከባለለች” እና “አላስቻለውም” ካሉ ይቆዩ፣ ጊዜያቸው ይደርሳል።

ብሔራዊ አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ እንዲህ ስገላብጥ አንዱ፣ “እመቤት፣ ፈተና ነው እንዴ የሚያርሙት?” ብሎኛል። ሳቅኩ። ግን ሳልገላብጥ አልገዛም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ለጀማሪ ተብለው የሚታተሙ ብዙ መጻሕፍት በየገጹ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይደግማሉ። “ላሟ ቆመች።” “በጓ ቆመች።” “ዶሮዋ ቆመች።” ከላይ ትልቅ ሥዕል። ልጄ ይህን የመሰለ መጽሐፍ እንደ ውሃ ስትጠጣው ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ግን “አህያዋ ቆመች” አለች። ጽሑፉ “በቅሎዋ ቆመች” ነው የሚለው። ሥዕሉን በእጄ ሸፈንኩት። “እስኪ እንደገና” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ “በ… ቅ… ሎ…” አለችና ዓይኗ ፈጠጠ። “በቅሎ? እማዬ፣ በቅሎ ናት እንዴ?” እጄን አንስታ ሥዕሉን ደግማ አየችው። ጆሮውን ነው ያየችው። ለካስ እስከዚያ ገጽ ድረስ ያነበበችው ሥዕሉን ነበር።

ሥዕል አይኑር እያልኩ አይደለም። ያለ ሥዕል ማን ልጅ መጽሐፍ ያነሳል? ሥዕሉ ታሪኩን ያሳይ፣ ቃሉን ግን አያሾልክ። “ሮጠ” የሚለው ከሥዕል ይገመታል። “ነበር”፣ “ግን”፣ “ወደ” ግን አይገመቱም፣ ልጁ ወደደም ጠላም ፊደሉን ማየት አለበት። እኔ የምወደው እነዚህ ትንንሽ ቃላት በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ተመልሰው የሚመጡበትን መጽሐፍ ነው። ያኔ ድግግሞሹ ይጠቅማል።

ሌላው አጻጻፍ ነው። አንዱ መጽሐፍ “ፀሐይ” ይላል፣ ሌላው “ጸሀይ”። አንዱ “ዓይን”፣ ሌላው “አይን”። እኛ አዋቂዎቹ ልብ አንለውም። ቃልን በመልኩ ለሚይዝ ልጅ ግን ሌላ ቃል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንድ አሳታሚ፣ ከአንድ ተከታታይ መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በኋላ ሁለቱም አንድ መሆናቸውን ይለምዳል።

ደግሞ አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። “ልጁ አለ” የሚለውን ብቻውን ብትሰጡት ተናገረ ነው ወይስ እዚያው ነው? ገና የበዓሉ ነው ወይስ “ገና አልመጣም” የሚለው? ይህን የሚለየው ቋንቋውን በጆሮው ያወቀ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁ አፉ ላይ ባሉት ቃላት የተጻፈ ይሁን። ተረት ሲነገረው ያደገ ልጅ “ከዕለታት አንድ ቀን” የሚለውን ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ይጨርሰዋል። ይሄ በጣም ጥሩ ነው።

ተረት ካነሳሁ አይቀር፣ የተረት መጻሕፍቶቻችን ብዙዎቹ ለልጅ የሚነበቡ እንጂ ልጅ የሚያነባቸው አይደሉም። አንቀጹ ረጅም፣ ፊደሉ ደቃቃ፣ መጨረሻው ላይ ግማሽ ገጽ ምክር። (ምክሩን ማን እንዲያነበው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።) አልጥላቸውም፣ ማታ ማታ እኔ አነባቸዋለሁ። እሷ ከምታነባቸው ጋር ግን አላደባልቃቸውም።

ገንዘቡ ለከበዳችሁ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በነፃ የሚታተሙ የአማርኛ ታሪኮች አሉ፣ በደረጃ ተከፋፍለው። ደረጃውን ግን በጭፍን አትመኑት። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ታሪክ፣ እዚያ ሦስት አጫጭር ቃላት የነበረው እኛ ጋ ሲመጣ አንድ ረጅም ቃል ይሆናል። ደረጃው አንድ ይላል፣ ቃሉ ሦስተኛ ክፍል ነው። ትርጉማቸው የሚኮሰኩስም አለ። ከማተማችሁ በፊት ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። እናንተን ካደናቀፋችሁ ልጁን ይጥለዋል።

አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ የምታዳምጡኝ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተሙ መጻሕፍት ታገኛላችሁ፤ ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባሉት በዚህ መልክ የወጡ ናቸው። ደስ ይላሉ። ግን ልጁ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ያያል፣ ከዚያ አማርኛውን ከራሱ ይፈጥራል። ከላይ እንዳልኩት ሥዕል ነው ሥራው። ቁራጭ ወረቀት ውሰዱና እንግሊዝኛውን ሸፍኑት። አማርኛውን አንድ ጊዜ እናንተ አንብቡለት፣ ድምፁ ጆሮው ይግባ፤ ከዚያ እሱ ይሞክር። ወረቀቱን ማንሳት የሚቻለው ገጹ ሲያልቅ ነው።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።