ሦስት ሳምንት የደበቅኩት ሌባ

(በጅማ፣ ለእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርቱ።

ኮሚቴው "ስለ ስልክ ማጭበርበር አሥር ደቂቃ ተናገሪ" ሲለኝ እሺ ያልኩት ስለ ቴክኖሎጂ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። እናንተ እኔን የምታውቁኝ ሂርማታ ገበያ ቅቤና በርበሬ ስሸጥ ነው። እሺ ያልኩት እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ ነገር ስላለ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ብዙዎቻችን "ብር በስልክ? እንዴት ተደርጎ!" ብለን ነበር። ዛሬ የቡናው ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባጃጁ ሳይቀር በስልክ ነው። የዚህ እድር መዋጮም በስልክ ሆኗል። ጥሩ ነው። ብር በመቀነቴ ቋጥሬ ወደማድርበት ዘመን መመለስ አልፈልግም። ግን ሌባውም ከመቀነታችን ወደ ስልካችን ተዛውሯል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስን ገበያ ታውቁታላችሁ። ደመናው ጅሬን ኮረብታ ላይ ከብዷል። አንዲት ደንበኛዬ ሁለት ኪሎ ቅቤ አስመዝና ቆማለች። ስልኬ ጠራ። እጄ ቅቤ ስለሆነ ላውድ አድርጌ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከባንኩ ዲጂታል ክፍል ነው" አለኝ። ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ትሁት ልጅ ነው፤ "እናቴ" ይለኛል። ከኋላው ቢሮ የሚመስል የሰው ድምፅ ይሰማል። "የፋይዳ መታወቂያዎ ከሂሳብዎ ጋር አልተያያዘም፤ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ሂሳብዎ ይታገዳል" አለኝ። ፋይዳችሁን ከባንክ ሂሳባችሁ ጋር አያይዙ መባሉን ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነት ነው። ውሸቱን እውነት ላይ ለጥፎ ነው ያመጣልኝ። "ቅርንጫፍ መጥቼ ላስተካክለው?" አልኩት። "ሰልፉ ያደክምዎታል እናቴ፣ እኔ እዚሁ ልጨርስልዎ" አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይቺ ናት። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር።

መልእክት ገባ። ስድስት ቁጥር። "እሱን ያንብቡልኝ" አለ። ደንበኛዬ "ኧረ ቶሎ በይ፣ ዝናቡ መጣ" ትለኛለች። አነበብኩለት። "ለማረጋገጫ" ብሎ ፒኔን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። መልእክቱ ላይ እኮ ከቁጥሩ ሥር "ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ" የሚል ተጽፏል! ይህን ያየሁት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

ያ ቁጥር ምን እንደሆነ በኋላ አስረዱኝ። ሰውየው የእኔን ሂሳብ በራሱ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር፣ ባንኩ "እውነት አንቺ ነሽ ወይ?" ብሎ ለእኔ የላከው ጥያቄ ነው። እኔ መልሱን ለሌባው ሰጠሁት።

46,000 ብር። የእኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ የእቁብ ብር ነው፣ የሰው አደራ ነው። ቅቤውን አስሬ ለደንበኛዬ ሳልሰጥ ብሩ ሄዷል።

በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ጮክ ብሎ "ራስዎ ነዎት እኮ የሰጡት!" አለኝ። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ከብሩ በላይ ጎዳኝ። ፖሊስ ጣቢያ አልሄድኩም። የጆሮ ወርቄን ሸጬ፣ የጎደለውን ተበድሬ እቁቡን ሞላሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእናንተም፣ ለልጄም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አባት ሱቄ መጡ። እዚሁ አብረውን ናቸው፣ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው። ልጃቸው ከአረብ አገር ለቤታቸው ቆርቆሮ መቀየሪያ ልካላቸው ነበር። ሌባው ሙልጭ አድርጎ ወስዶታል። እንዴት ሆነ ስላቸው ያው ዲጂታል ክፍል፣ ያው ፋይዳ፣ ያው 11 ሰዓት። ለእኔ "እናቴ" ያለው ለእሳቸው "አባቴ" ብሏቸዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አደራሽን፣ ልጄ እንዳትሰማ" አሉኝ።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። እኔ የዚያኑ ሐሙስ ለእድሩ ጸሐፊ ብናገር ኖሮ፣ እሳቸው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጉበት ነበር። ያን ሌባ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደበቅኩት እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኔ ግን ለሌላ ሰው ተረፈ።

እና አሁን ልቆጣ ነው፤ ፍቀዱልኝ። እኛ እድርተኞች ነን። ሰው ሲሞትበት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ ይዘን እንሄዳለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን፣ "ምን ቢያደርግ ነው የሞተው" ብለን ደጃፉ ላይ አንስቅም። ብር ለተሰረቀ ሰው ግን ምን እናዋጣለን? ሳቅ! "እንዴት ይሄ ይሸወዳል፣ እኔ ብሆን እኮ" እንላለን። ያ ልጅ ሥራዬ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ሰው ማታለል ነው፤ እኔ ቅቤ እየመዘንኩ ነው የደረሰብኝ። ማፈር ያለበት እሱ ነው። እኔ አላፍርም! እኚህም አባት አያፍሩም!

የባንክ ሠራተኞችም እዚህ አላችሁ፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያችሁ። ሰው ደንግጦ መስኮታችሁ ጋ ሲቆም መጀመሪያ ሂሳቡን አግዱለት። ምክሩን በኋላ ትነግሩታላችሁ።

ኮሚቴው ሌላም ንገሪ ስላለኝ ቶሎ ቶሎ ልበል። ደውሎ ፒንና የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ባንክ የለም፤ የጠየቀ ሌባ ነው፣ አለቀ። "ብር ገብቶልዎታል" የሚል መልእክት ከተራ 09 ቁጥር መጥቶ፣ ወዲያው አንዱ ደውሎ "በስህተት ነው፣ መልሺልኝ" ቢል እንዳትመልሱ፤ ቴሌብር ከሆነ *127# ደውላችሁ ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ፣ የገባ ነገር አታገኙም። ነጋዴዎች፣ ስክሪንሾት ብር አይደለም፤ ሂሳባችሁ ውስጥ ሳታዩ ዕቃ አትስጡ። በቴሌግራም ሽልማት ደረሳችሁ የሚል ሊንክ አትንኩ። አፕ የሚጫነው ከፕሌይ ስቶር ነው፤ ሰው ከላከላችሁ ፋይል አይደለም።

የደረሰበት ሰው ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ይደውል፤ ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌ 994። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል ሕግ አለ፤ ይሄ ነገር ወንጀል ነው። ከዚያ ለእድሩ ጸሐፊ። ጸሐፊያችን ስም ሳይጠራ፣ የሌባውን ቁጥርና ያለውን ነገር የዚያኑ ቀን ለሁላችንም እንዲልክልን ተስማምቷል።

ሻይ ከመምጣቱ በፊት ስልካችሁን አውጡና እነዚህን ቁጥሮች መዝግቡ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ወደ በሩ በኩል ኑ፣ ልጄ ትመዘግብላችኋለች። እሷም ያን ጉዳይ የሰማችው ትናንት ማታ ነው።

የአባትየውን ስም አልጠራም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ደውለው "ራሴ እናገራለሁ" ብለውኛል። ማይኩን ልስጣቸው።