በእረፍት ቀን ወደሌለ አገር መሄድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ማወራችሁም ስለ ፋንታሲ ነው። ዘንዶ፣ አስማት፣ የሌለ አገር፣ እንደዛ ያሉ ታሪኮች፣ እና በእረፍት ቀን እነሱ ውስጥ ገብቶ ስለመጥፋት።

እኔ እረፍት ሲደርስ ሰውነቴ ነው እንጂ የሚያርፈው ጭንቅላቴ አያርፍም። ጋደም ስል ያልመለስኩት ኢሜይል ይመጣል፣ ስብሰባ ላይ የተባልኩት ነገር ይመጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዴድላይን ይመጣል፣ ሁሉም ተራ ይዞ። ስልክ ደግሞ መፍትሄ አይደለም፣ እውነቴን ነው ምላችሁ፣ ግማሽ ቀን ስክሮል ሳደርግ ውዬ ስነሳ ይብስ ደክሞኝ ነው፣ ምክንያቱም እዛም ያው የምናውቀው ዓለም ነው ያለው፣ ያው ዜና፣ ያው ጭቅጭቅ፣ ያው የሰውን ኑሮ ከራስ ጋር ማወዳደር።

ፋንታሲ ግን ይለያል። እኔ ወፍራም ሆኖ መጀመሪያ ገጹ ላይ ካርታ ያለውን ነው ምወደው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ካርታው ላይ እቆያለሁ፣ ጣቴን ወንዙ ላይ አድርጌ ከተራራው እስከ ባህሩ እከተለዋለሁ፣ ደጋግሜ ካላነበብኩት ስሙ አፌ ላይ የማይገባ ከተማ አለ፣ ትንሽዬ ግንብ አለች፣ ከጫካው ወዲያ ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ፣ እና እዚህ ጋ ምን ይኖር ይሆን ማለት ስጀምር በቃ ኢሜይሉ የለም። ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ተሰቅሎ እንደዋለ እንኳን የማውቀው ያኔ ወረድ ሲል ነው።

ለምን እንደሚሰራ ሳስበው፣ አዲስ ዓለም ስራ ያበዛል። ማን ንጉስ ነው፣ ማን ከማን ተጣላ፣ አስማቱ ምን ያስከፍላል፣ ይሄን ሁሉ ስትይዙ ለጭንቀት ቦታ አይተርፍም። ሜላኒ ግሪን እና ቲሞቲ ብሮክ የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2000 ባወጡት ጥናት ያሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል፣ ሰው ታሪክ ውስጥ ሲገባ ትኩረቱም ስሜቱም በዓይነ ህሊናው የሚያየውም አንድ ላይ ወደ ታሪኩ ይሄዳል።

ሌላው አስማቱ ራሱ ነው። ጥሩ ፋንታሲ ላይ አስማት በነጻ አይገኝም፣ የተጠቀመ ይከፍላል፣ ህግ አለው። እኛ ስራ ላይ ስንት ደክመን የት እንደሚደርስ እንኳን የማናውቀው ነገር አለ አይደል? እዛ ግን መንገዱ ረጅም ቢሆንም፣ ሰዎቹ ቢፈሩም ቢደክሙም፣ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፣ እና ከነሱ ጋር መሄድ በጣም ያሳርፋል።

አንዳንድ ሰው ይሄን "ከእውነታ መሸሽ" ሲለው በጣም ነው ሚያናድደኝ። "ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" የሚባለውን ፋንታሲ የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በፈረንጆቹ 1939 ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ሌክቸር ሰጥቶ ነበር፣ ሀሳቡ ባጭሩ፣ ከጦር ሜዳ የሚከዳ ወታደርና ከእስር ቤት ወጥቶ ቤቱ መግባት የሚፈልግ እስረኛ አንድ አይደሉም፣ መውጣት ያልቻለ እስረኛም ከግድግዳውና ከጠባቂዎቹ ሌላ ነገር ቢያስብ ጥፋት የለበትም ነው። ይሄን የሚለው ደግሞ ጦርነት በወሬ የሰማ ሰው አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ውጊያ ላይ የነበረ መኮንን ነው፣ ትሬንች ፊቨር የሚባል በቅማል የሚተላለፍ የወታደሮች በሽታ ይዞት ወደ እንግሊዝ ተመልሶ እያገገመ ሳለ ነው የዛን ትልቅ ዓለሙን የመጀመሪያ ታሪኮች መጻፍ የጀመረው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ማንም ሰው ፊት መጽሐፌን ደብቄ አላውቅም።

በእርግጥ ደውላችሁ መጨረስ ያለባችሁ ጉዳይ ካለ መጽሐፍ አይደውልላችሁም። ግን አርፎ የሚደውልና ተጨናንቆ የሚደውል ሰው ድምጹ ራሱ ይለያያል።

ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ አጠገባችሁ ተገልብጦ ከተቀመጠ አይሆንም፣ ልብ ይሰርቃል። ይሄን ያህል ገጽ እጨርሳለሁ ብላችሁ ደግሞ እንዳትነሱ፣ እሱ ሌላ ዴድላይን ነው። አይኔ ደክሟል ካላችሁ በኦዲዮ ስሙት። በጣም የከበዳችሁ ሳምንት ከሆነ አዲስ አትጀምሩ፣ ድሮ የወደዳችሁትን ድገሙት፣ ማን እንደሚተርፍ ስለምታውቁ ልባችሁ ሳይሰቀል ታነባላችሁ። እኔም ዛሬ ይሄን ቀድቼ እንደጨረስኩ አንድ የድሮ ወዳጄን ላነሳ ነው፣ የናንተን ደግሞ ጻፉልኝ፣ ቻው።