ባለ ቲዩብ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ዳዊት፦ ሰላም፣ ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አንድ ሰው ደህና ገንዘብ ቋጥሮ ለቤቱ አምፕ፣ ማለትም ስፒከሩን የሚያጫውት የድምፅ ማጉያ፣ ሊገዛ ቢነሳ ምን ትይዋለሽ? በሚግል የመስታወት ቲዩብ የሚሠራውን ወይስ በትራንዚስተር?

ሰላም፦ ትራንዚስተር። ጥሩ ኢንቴግሬትድ፣ ማለትም ሁሉም ነገር በአንድ ሳጥን ያለበት፣ አምፕ ይግዛ፣ አለቀ።

ዳዊት፦ ቆይ እንጂ! የቲዩቡ ለዛስ? ማሲንቆና የሰው ድምፅ በሱ ሲሰማ እኮ ሌላ ነው።

ሰላም፦ ለዛ አለው፣ አልክድም። ግን ከየት ነው የሚመጣው? ብዙዎቹ፣ በተለይ ሲንግል ኤንድድ የሚባሉት፣ ሙሉውን የድምፅ ሞገድ ብዙ ጊዜ በአንድ ቲዩብ ብቻ የሚያጎሉት፣ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ይጨምራሉ። ከዋናው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ስለሆነ ጆሮን አይቆረቁርም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። ሸክላው ላይ ግን አልነበረም። እኔ መስማት የምፈልገው የተቀዳውን ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ባሱስ?

ሰላም፦ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው! ስፒከርህ ጀርባ 8 ኦም ተብሎ ይጻፋል አይደል? ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው። ሙዚቃው ሲጫወት ግን እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት አንዴ 4 ይወርዳል፣ አንዴ 20 ይወጣል። የቲዩቡ አምፕ የራሱ የውጤት ኢምፔዳንስ፣ ማለትም መውጫው ላይ ያለው ተቋቋሚነት፣ 2 ኦም ቢሆን፣ በነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ከ2 ዴሲቤል በላይ የድምፅ መጠን ልዩነት ይፈጠራል። በጆሮ የሚለይ ነው። ስለዚህ ስፒከር በቀየርክ ቁጥር የአምፑም ጠባይ ይቀየራል። ጥሩ ትራንዚስተር ላይ ይህ ኢምፔዳንስ ከ0.1 ኦም በታች ስለሚሆን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ባሱም ሳይንዛዛ ቁጥብ ብሎ ይመጣል።

ዳዊት፦ ለዚህ ግን ብዙ ብር ያስፈልጋል።

ሰላም፦ የግድ አይደለም። ናድ 3020ን ውሰድ። በ1978 የወጣ፣ ኤሪክ ኤድቫርድሰን የሚባል ኖርዌያዊ የነደፈው፣ ወረቀት ላይ 20 ዋት ብቻ የሆነ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ግን ስፒከሩ ሲከብደው ለአጭር ጊዜ ከተጻፈለት በላይ ይሰጣል። ገንዘቡ ፊቱን ማሳመር ላይ ሳይሆን ውስጡ ላይ ስለዋለ ነው የምወደው፣ ከልቤ ነው የምልህ። በ300ቢ ቲዩብ የሚሠራ ሲንግል ኤንድድ አምፕ ደግሞ አንዷ ቲዩብ የምትሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። ለሱ በትንሽ ኃይል ጮክ የሚል ስፒከር መፈለግ አለብህ።

ዳዊት፦ ጥገናውስ? እኛ ጋ መብራቱን ታውቂዋለሽ።

ሰላም፦ የፓወር ቲዩብ ጥቂት ሺህ ሰዓት ሠርቶ ይደክማል። አዲስ አበባ ሆነህ ጥንድ ቲዩብ ከውጭ ማስላክ፣ ከዛ ባያሱን፣ ማለትም ቲዩቡ ውስጥ ዘወትር የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ፣ የሚያስተካክልልህ ሰው መፈለግ... ውስጡ ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ በቀልድ የሚነካ አይደለም። የሚዋዥቅ መብራት ለማንኛውም አምፕ ጥሩ አይደለም፣ ማረጋጊያ ግዙ። ትራንዚስተሩ ግን ቢያንስ በየጊዜው የሚቀየር ቲዩብ የለውም።

ዳዊት፦ ለጊታርስ?

ሰላም፦ እዛ ቲዩብ ይግባ! ጊታሪስቱ ቲዩቡ ድምፁ ላይ የሚጨምረውን መዛባት ራሱን ነው የሚፈልገው። የሙዚቃው አካል ነው።

ዳዊት፦ አሮጌ ትራንዚስተር አምፕ የሚገዛ ሰው ምን ይይ?

ሰላም፦ የድምፅ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጎ ስፒከሩ ጋ ጆሮውን ያስጠጋ። እምምም የሚል ድምፅ ካለ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ደክመው ሊሆን ይችላል። ከዛ ማዞሪያውን ቀስ ብሎ ያዙረው፣ ካንኮሻኮሸ ብዙ ጊዜ በጽዳት ይስተካከላል፣ አትሽሹ። ከተቻለ ደግሞ የራሱን ስፒከር ይዞ ይሂድ፣ ሻጩ ጋ ባለው ስፒከር ሰምቶ አይወስን።