93 ዲግሪ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የማወራችሁ ስለ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪና ስለ አንድ ቴርሞሜትር ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ በአካባቢው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን እንጋብዛለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ያሰናዳሁት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱም የእኔው ነው። ነጭ ጋዋን ለብሰን ከፊት ቆምን፤ የመዳብ ጨው የእሳቱን ነበልባል አረንጓዴ ሲያደርገው፣ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ላይ ጠብ ያደረግነው ግሊሰሪን ያለ ክብሪት ሲቀጣጠል ልጆቹ አጨበጨቡ። ሲወጡ አንዱ «ቲቸር፣ አስማት ነው የሚመስለው» አለኝ። ለጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማታ ሳስበው ግን ልጁ የተደነቀው በእኛ እንጂ በኬሚስትሪ እንዳልሆነ ገባኝ።

በሦስተኛው ዙር እኛ ከዳር ሆንን። በየጠረጴዛው የተፈላ ከርከዴ፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የመጋገሪያ ሶዳና የአመድ ውኃ አስቀመጥን። ከርከዴው በሎሚ ደምቆ ሲቀላ፣ በሶዳ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያደላ፣ አሲድና ቤዝ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ሸምድደው የመጡት ልጆች በአማርኛ መከራከር ጀመሩ። (ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው።)

ከጥጉ ጠረጴዛ ያለው ቡድን ሥራ እጅግ ተራ ነበር፤ ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን መለካት ብቻ። ጠጋ ስል አንዲት ልጅ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን በላጲስ እያጠፋች ነበር። 93 ብላ ጽፋ ኖሮ 100 ልታደርገው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ አንገቷን ደፍታ «ቲቸር፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፤ እኔ ተሳስቼ ነው» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። የ100 ዲግሪው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ላለ የአየር ግፊት ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከላያችን ያለው አየር የሚጫነው ከባሕር ጠለሉ ባነሰ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ውኃው ሳይከብደው ቀድሞ ይፈላል። ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለውም እሳት አንሶት ሳይሆን፣ ውኃው ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነው። ይህን ስነግራት ያጠፋችውን ቁጥር በጣቷ ዳበሰችው፤ ጠባሳው ወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝና ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ነውና ያዩትን አልናቁትም፤ የእንዶድ ምርምራቸው ከዚያ ጀመረ። እኔ ያሰብኩት ልጅቷን ለማበርታት ነበር፤ እሷ ግን ወዲያው ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች፦ «ታዲያ ደብረ ብርሃን፣ አያቴ ጋ፣ ከ93 ያንሳል ማለት ነው?»

ያንሳል ብዬ መልስ መስጠት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ዝም ብዬ ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። የመስታወት ዕቃ ለተማሪ ማዋስ በደንባችን አይፈቀድም፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይህን ክፍል ካዳመጠ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ከገና በዓል በኋላ ቴርሞሜትሩ ሳይሰበር ተመለሰ፤ አብሮትም ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበር። ቦታው፣ ቀኑና ሦስት ልኬቶች ተጽፈውበታል፦ 90፣ 91፣ 90። ላጲስ የነካው ቁጥር አልነበረም።