«ባለቤቴ የስፔን ዜጋ ነው»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እሁድ ዕለት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ከደወላችሁት ግማሹን እንኳ በአየር ላይ ማስተናገድ አልቻልንም። የስፔን ዜግነት ካለው ሰው ጋር ቤተሰብ ሆናችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ያሳሰባችሁ፣ የቀረውን መልስ እዚህ ላስፍርላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። «ጓደኛዬ በፈረንጆቹ 2022 እንዲህ አድርጋ ነው ያገኘችው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ጓደኛችሁ አልዋሸችም። ግን ስፔን አዲስ የውጭ ዜጎች ደንብ አውጥታ ከግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ከሜይ 20 ቀን 2025 ጀምሮ እየሠራችበት ነው። ድሮ የስፔናዊ ቤተሰብ ይስተናገድ የነበረው ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ቤተሰብ በፈረንጆቹ 2007 በወጣው ድንጋጌ ነበር። አሁን የራሱ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ምክር ሲሰጣችሁ መጀመሪያ «አንቺ ያመለከትሽው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የድሮውን ካርድ የያዛችሁ አትደንግጡ። ካርዱ ላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ ይሠራል።

ከአዲስ አበባ የደወለች እህት፦ «ባለቤቴ ስፔናዊ ነው። የተጋባነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ፈቃዱ ለስንት ዓመት ነው? መሥራትስ እችላለሁ?»

እንኳን ደስ አለሽ። ፈቃዱ ለ5 ዓመት ነው። ተቀጥረሽም፣ የራስሽን ሥራ ከፍተሽም መሥራት ትችያለሽ። ለብቻው የሥራ ፈቃድ ብለሽ አትሮጪም። ስፔን ከገባሽ በኋላ ፖሊስ ዘንድ አሻራ ሰጥተሽ ካርዱን ታወጫለሽ። እዚያ ያሉ ልጆች «ቲዬ» የሚሉት እሱን ነው። ለዚህ ያለሽ ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ቀጠሮ እንደ ልብ ስለማይገኝ የደረስሽ ሰሞን ጀምሪው።

ሰው የሚለፋው ግን ከዚያ በፊት ባለው ወረቀት ነው። ጋብቻችሁ በስፔን ሲቪል መዝገብ መስፈር አለበት። እናንተ ጉዳዩን የምትጀምሩት አዲስ አበባ ባለው የስፔን ኤምባሲ ነው። ለየብቻ ያነጋግሯችኋል። የት ተዋወቃችሁ? አማቶችሽ ማን ማን ይባላሉ? እሱ ሥራው ምንድን ነው? ለወረቀት ብቻ የተደረገ ጋብቻ እንዳይሆን ነው የሚያጣሩት። መልስ መሸምደድ አይጠቅምም። ሁለት ሰው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከመለሰ እንደውም ያስጠረጥራል። ባል የሚስቱን የአክስት ስም ቢያሳስት የዓለም ፍጻሜ አይደለም።

በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ብቻ የተጋባችሁም ትደውላላችሁ። በእኛ ሕግ ጋብቻችሁ ጋብቻ ነው። ለውጭ አገር መሥሪያ ቤት ግን ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ ሰርተፊኬት ያስፈልጋችኋል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተጋባችሁ ሰርተፊኬት ከሌላችሁ ከወረዳ ነው የምትጀምሩት።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ ያስተናገድኳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። የጋብቻ ሰርተፊኬታቸው ትርጉም 2010 ይላል። የባልየው ፓስፖርት ላይ ያለው የመጀመሪያው የቦሌ ማህተም ግን 2018 ነው። ተርጓሚው ዘመኑን ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር ቁጥሩን ብቻ ገልብጦታል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን በጣቷ ነካች። «ኢትዮጵያን ከማየቱ 8 ዓመት በፊት ነው ያገባው?» አለች። ምን ትላለህ? ፋይሉ ተመለሰ። አራት ወር በአንድ ቁጥር ምክንያት ቀለጠ።

ስምም እንዲሁ ነው። ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። እኛ ደግሞ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ፎርሙ ላይ ብዙ ጊዜ የአባትሽ ስም በአንደኛው ሳጥን፣ የአያትሽ በሁለተኛው ይገባል። አንዱ ሰነድ ላይ በሁለት ስም፣ ሌላው ላይ በሦስት ስም ከተጻፍሽ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ልጅ ካለሽ ደግሞ «ልጅሽ ያንቺን ስም ለምን አልያዘም?» መባል አይቀርም። እናት በራሷ አባት ስም እንደምትጠራ ረጋ ብለሽ አስረጂ። ከትርጉሙ በፊት ፓስፖርትሽን ለተርጓሚው ስጪውና እያንዳንዷን ፊደል እንደዚያው ይጻፍ።

ከባርሴሎና፦ «አልተጋባንም። አብረን ነው የምንኖረው። ይቆጠራል?»

ይቆጠራል። በይፋ በጥንድነት ከተመዘገባችሁ፣ እዚያ «ፓሬኻ ዴ ኤቾ» የሚሉት ማለት ነው፣ ነገሩ ቀላል ነው። ካልተመዘገባችሁ ቢያንስ 12 ወር አብራችሁ መኖራችሁን ታስረዳላችሁ። የጋራ ልጅ ካላችሁ 12 ወሩ ይቀራል። ማስረጃው ከማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች መዝገብ፣ ከ«ፓድሮን»፣ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ቤት እየኖራችሁ አንዳችሁ በዘመድ ቤት አድራሻ ተመዝግባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ከፍራንክፈርት፦ «ባለቤቴ ስፔናዊት ናት። የምንኖረው ግን ጀርመን ነው። የስፔኑን ፈቃድ ላውጣ?»

የለም ወንድሜ። ሚስትህ ከአገሯ ወጥታ በሌላ የኅብረቱ አገር እየኖረች ስለሆነ አንተ የምትተዳደረው በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የነጻ ዝውውር መመሪያ ነው። የምታመለክተው እዚያው ከተማችሁ ላለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። አንድ ቀን አብራችሁ ወደ ስፔን ስትመለሱ በነጻ ዝውውር መብቷ መጠቀሟ ዋጋ አለው፤ ቀድሞ የጠቀስኩት የ2007 ድንጋጌ እንደናንተ ላሉት ዛሬም ይሠራል። የጀርመኑን የሥራና የኪራይ ወረቀት አትጣል።

በተቃራኒው፣ የስፔን ካርድ ይዛችሁ ጀርመን ገብታችሁ ለመሥራት የምታስቡ አላችሁ። አይሆንም። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጎብኘት ትችላላችሁ፤ እዚያ መቀጠር ግን ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል።

ከቫሌንሲያ፦ «ዜግነት አግኝቻለሁ። እናቴ ደሴ ናት። ላመጣት እችላለሁ?»

እናትና አባት ይፈቀዳሉ። ነገር ግን በአንተ እጅ የሚተዳደሩ መሆናቸውን፣ አገር ቤት ደግሞ ደጋፊ ቤተሰብ እንደሌላቸው ማሳየት ይጠበቅብሃል።

እዚህ ላይ ነው የሀበሻ ጣጣ የሚመጣው። «ለስንት ዓመት ላክህላቸው?» እላለሁ። «አስር ዓመት!» ይሉኛል በኩራት። «ደረሰኙስ?» ዝም። ምክንያቱም ገንዘቡ የሄደው በሰው እጅ ነው። እዚህ ለአንዱ ዩሮ ትሰጣለህ፣ እዚያ የእሱ ሰው ለእናትህ ብር ይሰጣል። ምንዛሬው ስለሚሻል ነው፤ ይገባኛል። ለኤክስትራንኼሪያ፣ ማለትም ለውጭ ዜጎች ቢሮ፣ ግን አንድ ሳንቲም አልላክህም። ከዛሬ ጀምረህ ቢያንስ የእናትህን መተዳደሪያ በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ የገንዘብ አስተላላፊ፣ በስምህ፣ በስማቸው፣ በየወሩ ላክ። ከዚህ ወዲያ ያለው አሥር ወር ደረሰኝ ከድፍን አሥር ዓመት ቃል ይበልጥልሃል።

ስሟንና ከተማዋን ያልነገረችን እህት፦ «ቤት ውስጥ ሰላም የለኝም። ትቼው ብወጣ ካርዴን ያስነጥቀኛል?»

እህቴ፣ እሱ ስልክ ደውሎ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ካርድሽን አያሰርዝም። ያን ሥልጣን ማንም አልሰጠውም። ፍቺ በፈቃዱ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ጥቃት ካለ ግን ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፤ በራስሽ ስም የሚቆም ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ። ወደ 016 ደውይ፤ በስፔን ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች የተዘጋጀ የእርዳታ መስመር ነው። ነጻ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በብዙ ቋንቋ ያስተናግዳል። የስልክ ሂሳቡ ላይ አይወጣም። ስልክሽ ላይ የሚቀረውን የጥሪ ዝርዝር ግን ራስሽ አጥፊው።

ከማድሪድ፦ «ዜግነቱስ መቼ ነው?»

ለኢትዮጵያዊ በመደበኛው 10 ዓመት ሕጋዊ ኑሮ ነው። ለላቲን አሜሪካ ሰዎች 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ቅር ቢለንም የታሪክ ጉዳይ ነው። ከስፔናዊ ጋር ለተጋባ ግን አንድ ዓመት ይበቃል፤ ጋብቻውም ዓመት የሞላው፣ ያልተፋታ መሆን አለበት። የስፓኒሽ ቋንቋ ፈተና አለ፣ ደረጃው ኤ2፣ ማለትም መሠረታዊ፣ ነው። የሕገ መንግሥትና የባህል ፈተናም አለ፤ ከ25 ጥያቄ 15ቱን መመለስ ነው። ከመማልሽ በፊት ግን አስቢበት። በእኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ስትይዢ ኢትዮጵያዊነትሽ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለሽ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ነው።

ከሐዋሳ የደወሉ እናት፦ «ልጄ በሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ስፔን ሄደ። አሁን አድጎ አገኘኝ። ዜጋ ነው። እናቱ ስለሆንኩ ሊወስደኝ ይችላል?»

እናቴ፣ ስቱዲዮ ውስጥ መልስ አጥቼ የቆየሁት በእርስዎ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም እስክትከለክል ድረስ ብዙ ልጆች ወደ ስፔን ሄደዋል። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ እናቶቻቸውን እየፈለጉ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ገና ይበዛል።

የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ የሄደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። የስፔን ሕግ በተቃራኒው ነው፤ ጉዲፈቻ የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ፊት ይዘጋዋል። ልጅዎ ሲያመለክት በስፔን መዝገብ ላይ እናቱ ተብለው የተጻፉት ያሳደጉት ሴት ናቸው። ስለዚህ በ«ወላጅ» በር ይገባሉ ብዬ አላታልልዎትም። ይህን በር እከፍታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ደላላ ካለ ቆም ብለው ያስቡ።

ልጅዎን ለማየት የሚያስፈልግዎት የጉብኝት ቪዛ ነው። እሱ በሚኖርበት ከተማ ብሔራዊ ፖሊስ ሄዶ የግብዣ ደብዳቤ ያወጣል፤ «ካርታ ዴ ኢንቪታሲዮን» ይባላል። ቪዛውን እርስዎ በኤምባሲው ያመለክታሉ። ቆንስሉ «ይመለሳሉ ወይ?» ብሎ ነው የሚመረምረው፤ እዚህ ያለዎትን ቤት፣ መሬት፣ ሌሎች ልጆች የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። የዝምድናችሁን ነገር ለማስረዳት ደግሞ የጉዲፈቻ ውሳኔው ቅጂ ይረዳል። ብዙዎቹ የተወሰኑት አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የመዝገብ ቁጥሩ ከሌለዎት ልጅዎን ይጠይቁት። ለአካለ መጠን የደረሰ የጉዲፈቻ ልጅ ስለ ትውልዱ የተያዘለትን ሰነድ የማየት መብት በስፔን ሕግ አለው፤ ቁጥሩ ከዚያ ፋይል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።