መጋረጃዬ አጠረ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት የልጆች ጫጫታ ከግቢ ነው። መስኮቴን ከፍቼ ነው የምቀዳው። ወሬዬም ስለ መስኮት ስለሆነ ይቅር፣ አልዘጋውም።

ባለፈው ሳምንት መጋረጃዬን አጠብኩ። ራሴ ያሠራሁትን ነጭ የሸማ መጋረጃ። አድርቄ፣ ተኩሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ራቅ ብዬ ሳየው አጥሯል! ወለሉን ሊነካ ትንሽ ብቻ ይቀረው የነበረው ነገር በአንድ ክረምት እንዳደገ ጎረምሳ ሱሪ ከላይ ቀርቷል። ሜትር አምጥቼ ለካሁት። 2 ሜትር ከ50 የነበረው 2 ሜትር ከ38 ሆኗል። 12 ሳንቲ ሜትር ውኃ በላው። እማዬ በቪዲዮ አይታው ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጋረጃሽ ወንዝ ሊሻገር ነው እንዴ?»

ጥፋቱ የኔ ነው። ጥጥ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ይሰበሰባል። ጨርቁን ሳላሰፋው በፊት ማጠብ ነበረብኝ። ይህንን የማያውቅ ሰው የለም፣ እኔም አውቅ ነበር። ግን ቸኮልኩ።

ያስቸኮለኝ ስልኬ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ሃይምቴክስቲል የሚባል ትልቅ የቤት ጨርቃ ጨርቅ ትርኢት አለ። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው። መጋረጃው፣ ትራሱ፣ አልጋ ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። ከዚያ በኋላ ለወራት ስልኬ መጋረጃ በመጋረጃ ይሆናል። መጪው ፋሽን ምንድነው ካላችሁ፣ እኔ ያየሁት ይሄ ነው፦ የሚያብለጨልጭ ነገር እየቀረ፣ ጥጥና በፍታ እየመጣ ነው። ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ ወለል የሚወርድ ረጅም መጋረጃ። የእጅ ሥራ የሚታይበት ጨርቅ። ቀለሙ ደግሞ... ፓንቶን የሚባለው የቀለም ኩባንያ አለ አይደል? የ2025 እ.ኤ.አ. ቀለሜ ብሎ የመረጠው ቡናማ ነበር። የ2026 ደግሞ ነጭ። ቡናና ነጠላ! የኛን ሳሎን አጮልቆ ያየ ነው የሚመስለው።

ይሄኔ ነው እኔ የተነሳሁት።

ያደግኩበት ቤት መጋረጃ ከፋይ ነበር። ጥቁር ቀይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ከባድ ከመሆኑ የተነሳ የመስቀያው ብረት መሀሉ ላይ ጎብጧል። ከውስጡ ስስ መጋረጃ፣ ከላዩ የሳቲን ሽንሽን። ሳሎናችን ቲያትር ቤት ይመስል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገለጣል። የሚታጠበው ለፋሲካ ነው፣ ያውም ከሆነለት። ከፋይ አቧራን ይደብቃል እንጂ አያባርርም። ስታራግፉት ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ አያቴ ቤት፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ግማሽ መጋረጃ ነው። ነጭ አቡጀዲ፣ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ግራና ቀኝ በሚስማር የተያዘ። የታችኛውን ግማሽ ብቻ ይሸፍናል። ከውጭ የሚያልፍ ሰው አያይህም፣ ብርሃኑ ግን ከላይ ይገባል። ዛሬ ይሄ «ካፌ ከርተን» ተብሎ ተመልሶ መጥቷል። ፎቶውን ሳየው ሳቄ መጣ። የጎደለው ሚስማሩ ብቻ ነው።

በፍታም እንዲሁ ነው። በፍታ፣ ማለትም ሊነን፣ የሚሠራው ከተልባ ግንድ ነው። አዎ፣ ከዚያው ከተልባ! ለክር የሚዘራው ዝርያ ረጅምና ቅርንጫፉ ጥቂት ነው፣ የኛው ለፍሬ ነው። እኛ ተልባን ጠጣነው፣ ፈተፈትነው፣ ተረት ተረትንበት። መስኮት ላይ መስቀል ብቻ ነው የቀረን።

በፍታ ውድ ስለሆነ ሸማ ይሻላል ብዬ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አገኘሁ።

«ለመጋረጃ?» አሉኝ። «ለቤተ ክርስቲያን ነው?»

«አይ አባባ፣ ለሳሎን።»

«ጥለቱ ምን ይሁን?»

«ጥለት አይግባበት። ዝም ብሎ ነጭ።»

ትንሽ አዩኝና «እንዲያማ ጋቢ ነዋ የፈለግሽው» አሉ።

ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አየሁ። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ድሩን በእግራቸው ያፈራርቃሉ። መወርወሪያውን ከቀኝ እጃቸው ይለቁታል፣ በግራ ይቀልቡታል። ማጉ አለፈ ማለት ነው። ጠቅ ያደርጉታል። እንደገና ይወረውራሉ። የሸማ ወርድ ለምን ጠባብ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወርዱ የሰውየው ክንድ ነው። ከክንዱ ስፋት በላይ ወርውሮ መቅለብ አይችልም። ከ90 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም።

መጋረጃ ደግሞ ስፋት ይወዳል። ሽንሽን እንዲኖረው ጨርቁ የመስኮቱን እጥፍ መሆን አለበት። የኔ መስኮት ሜትር ተኩል ነው፣ ስለዚህ 3 ሜትር ወርድ ያስፈልጋል። አራት ቁራጭ ማለት ነው፣ ጎን ለጎን የተሰፋ። ስፌቱ እንዳይታይ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ሲሰቀል ስፌቱ እጥፋቱ ውስጥ ገባ። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ግን ይታያል፣ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች። አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ሁሉም ነገሩ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ማታ መብራት ሳበራ ሸማ ምንም አይሸፍንም። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ከፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤቶች ምን እንደበላሁ ያውቃሉ። ገበር አስገባሁበት። ገበሩ ፀሐይንም ይከላከላል፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምታገኘን፣ ጨርቅ ታሳሳለች። አቧራውንም ታውቁታላችሁ፣ ዙሪያችን ግንባታ ነው። ነጭ በየወሩ መታጠብ ይፈልጋል። ለማጠብ ጊዜ የሌለው ሰው የቱርኩን ፖሊስተር ይስቀል፣ ማንም አይፈርድበትም።

ስለ ሶፋ ብዙ አልልም። ያ እንደ በግ ጠጉር የሚጠቀለል ነጭ ጨርቅ፣ ቡክሌ የሚሉት፣ ያምራል። ልጅና ሽሮ ላለበት ቤት ግን አይሆንም። በቃ። ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ጥለቱን ቆርጣችሁ ትራስ ላይ ስፉት፣ እኔ ሁለት ሠርቻለሁ።

ወደ 12 ሳንቲ ሜትሬ ልመለስ። መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ነች። «ከታች ዳንቴል ቀጥይበት» አለችኝ። በልጅነቴ እሷ ኪሮሽ ይዛ ያልሸፈነችው ነገር አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮው፣ የሶፋው ክንድ። ጓደኞቼ ሲመጡ እያነሳሁ እደብቅ ነበር። ቴሌቪዥኑ ስስ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ፣ ሻንጣ ውስጥ ገባ። አሁን የኪሮሽ ሥራ ፋሽን ነው ብላት «ለኔ መቼ ቀረና» አለች።

የአልጋ ልብስ ጠርዝ የነበረ ረጅም ዳንቴል ላከችልኝ። ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለስፌቱ ጭምር ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ የቡና ጠብታ አለበት። እሱን በግራ በኩል አደርገዋለሁ፣ ሶፋው ይጋርደዋል።

ገና አልሰፋሁትም ታዲያ። ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፏል።